ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ይህ ቃል እጅግ የሚስማማው ሰው በኀፍረት ለሚሸሽገው ለአንጀት ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ ስንል ዛሬ ሕዝቡ ካንሰር እያለ የሚጠራውን ደዌ ማለታችን ነው።

በሐዋሳ ከተማ ከዓይነ ምድሩ ጋር ደም ያየ ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ ኪንታሮት ነው ይላል፤ ሌላው አሜባ ነው ብሎ ክኒን ይገዛል፤ በሐይቁ ዳር የሚሠራው ደግሞ ቢልሃርዝያ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። አሜባ በአገራችን የተለመደ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዝያም በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ መኖሩ በምርመራ ታውቋል። ክፋቱ ግን ነቀርሳውም በእነዚህ በለመድናቸው በሽታዎች ስም ተሸሽጎ ማደጉ ነው።

የአንጀት ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ ከምትበቅል ትንሽ እባጭ ነው። እባጯ ወደ ነቀርሳ እስክትለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብትገኝ ተቆርጣ ትወጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ደዌ ተይዘዋል። በሽታው በዕድሜ የገፉትን ይበልጥ ቢያጠቃም፥ በአገራችን ከ50 ዓመት በታች የሆኑ ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። ወላጁ ወይም ወንድምና እኅቱ በዚህ ደዌ የታመሙበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚታይ ቀይ ወይም የጠቆረ ደም፤
2ኛ፤ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ ወይም ድርቀት፤
3ኛ፤ ከተጸዳዱ በኋላ እንኳ ገና የቀረ ነገር ያለ መስሎ መሰማት፤
4ኛ፤ የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፥ ወይም በሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፤
5ኛ፤ ያለ ምክንያት መክሳት፥ መድከምና መገርጣት።

እነዚህን ያየ ሁሉ ነቀርሳ ይዞታል ማለት አይደለም፤ የሚበዙት ሌላ ቀላል ሕመም ያለባቸው ናቸው። መለያው ጊዜና ምርመራ ነው። ስለዚህ ደም ያየ ሰው በራሱ ፈቃድ ክኒን አይደጋግም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ዓይነ ምድሩን ያስመርምር። የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ደሙ ካላቆመ፥ ወይም ቆሞ ከተመለሰ፥ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ። በዚያ ሐኪሙ ጓንት በለበሰ ጣቱ ፊንጢጣን ይመረምራል፤ ካስፈለገም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፥ ይኸውም ኮሎኖስኮፒ በሚባለው መሣሪያ፥ አንጀቱን ውስጡን ያያል። ምርመራው የሚያሳፍር ቢመስልም ለሐኪሙ የዕለት ሥራው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ። ጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ደም አንሷቸዋል ከተባለ፥ የደም ማነስ ክኒን ወስዶ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ደሙ በየት እንደሚፈስ ይመርመር። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው፥ ዓይነ ምድርም ሆነ አየር አልወጣ ያለው ሰው ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረስ።

መምህራን ሆይ፤ ቃላችሁ በየቤቱ ይሰማል። ደም የታየበትን ቀን በመቁጠሪያ ላይ መጻፍን፥ ለሐኪምም ሳያፍሩ መናገርን ለባልደረቦቻችሁና ለተማሪዎቻችሁ ወላጆች አስተምሩ።