ሮበን ደሴት፦ ባሕር ያጠረው እስር ቤት

ወደ ሮበን ደሴት የሚወስደው ጀልባ የሚነሣው ከኬፕታውን ወደብ ነው። ነፋስ ሲበረታ ጉዞው ስለሚሰረዝ፣ ቀን ለጠበበበት እንግዳ ምክሬ ትኬቱን ቀደም አድርጎ መቁረጥ ነው። ደሴቱ ከቅርቡ ዳርቻ የሚርቀው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ውሃው በረዶ፣ ማዕበሉም ክፉ ነው። የሆላንድ ሰፋሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያልፈለጉትን ሰው ወደዚያ ማጋዝ የጀመሩትም ለዚሁ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ግዞተኞች አንዱ የኮይ ሕዝብ መሪ የነበረው ኦቹማቶ ሲሆን በሚያፈስ ጀልባ ቀዝፎ አመለጠ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኮሳው ነቢይ ማካንዳ ያንኑ ቢሞክር ጀልባው ተገልብጦ ሰጠመ። ከ1846 እስከ 1931 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ ደሴቱ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መገለያ ነበር። አርክቴክቱ ኸርበርት ቤከር በ1895 የነደፈላቸው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ተግዞ መጥቶ እዚያው የሞተ የእስልምና መምህር መታሰቢያም አለ፤ የኬፕ ሙስሊሞች ይዘይሩታል።

አብዛኛው ሰው የሚመጣው ግን የኔልሰን ማንዴላን ክፍል ለማየት ነው። ከ27ቱ የእስር ዓመታት 18ቱን ያሳለፉት በዚህ ደሴት ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ አንድ ነገር ያስታውሳል፦ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ነበር። አገራቸው እንደገቡ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ በ1964 የዕድሜ ልክ እስር ተፈርዶባቸው ወደ ደሴቱ ተወሰዱ። ክፍሉ በሦስት እርምጃ ያልቃል። ሰልፉ ስለሚገፋ አንድ ፎቶ ለማንሣት እንኳ ጊዜ አይበቃም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አይቆጭም።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የኖራ ድንጋይ ካባው ነው። እነ ማንዴላ በ1965 ሥራ ሲጀምሩ ለስድስት ወር ነው ተብለው ነበር፤ 13 ዓመት ቆፈሩ። ነጩ ድንጋይ የሚመልሰው የፀሐይ ጨረር ዓይናቸውን ጎዳው፤ መነጽር እስኪፈቀድላቸው ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ካባው ውስጥ ባለች ትንሽ ዋሻ ግን እየተደበቁ ይማማሩ ነበር። በ1995 የቀድሞ እስረኞች ተሰባስበው ሲመጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ጣሉ፤ ክምሩ ዛሬም እዚያው አለ።

በእስር ቤቱ ውስጥ የሚያስጎበኙት ራሳቸው ታስረውበት የነበሩ ሰዎች ናቸው። የምግብ ድልድሉን ሲያሳዩ እንግዳው ዝም ይላል፦ ሕንዶችና ክልሶች ዳቦ ሲያገኙ ጥቁሮች አያገኙም ነበር። ልብስም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ ቁምጣ፣ ሕንዱ ሱሪ። የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ሮበርት ሶቡክዌ ደግሞ ቅጣታቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ለእሳቸው ሲባል በወጣ ሕግ እስከ 1969 ለስድስት ዓመታት በአንዲት ቤት ለብቻቸው ተይዘዋል። ቤቲቱን የጎብኚዎቹ አውቶቡስ ቶሎ ያልፋታልና ከመስኮቱ በኩል መቀመጥ ይሻላል።

እስረኞቹ ለዓመታት ጠይቀው ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ኳስ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። በነቢዩ በማካንዳ ስም ማካና የተባለ ፌዴሬሽን አቋቁመው፣ ዳኛ መድበው፣ ደብዳቤ እየተጻጻፉ በፊፋ ደንብ ተወዳደሩ። ፊፋ በ2007 የክብር አባል አድርጎታል። ተነጥለው የተያዙት እነ ማንዴላ ግን እንዲጫወቱ አልተፈቀደላቸውም።