ግብ ቀንና ቦታ ሲኖረው

ግብ ከዳር የማይደርሰው በቁርጠኝነት ማነስ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ፒተር ጎልቪትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት ፈጸሙ፤ ካልወሰኑት ግን ሲሦ ያህሉ ብቻ። ምክንያቱም የተወሰነው ሰዓትና ስፍራ ራሱ ሥራውን ያስታውሳል፤ «ዛሬ ወይስ ነገ?» የሚለው ሙግትም ቀድሞ ተዘግቷል። ስለዚህ «ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፌን እጨርሳለሁ» ከማለት «ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንደገባሁ ሁለተኛውን ምዕራፍ እጀምራለሁ» ማለት ይሻላል እላለሁ። ይሁንና ይህ ዘዴ ከልብ ላልተፈለገ ግብ እምብዛም አይረዳም፤ «መቼ?» ከማለታችን በፊት «ለምን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።