በዝናቡ መሐል የጠበቀችው ሯጭ

የቦስተን ማራቶን በእኛ አገር እንግዳ ስም አይደለም። ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ስታሸንፍበት እልል ያልን ሁሉ እናውቀዋለን። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ሯጮች እርስ በርስ ከመፎካከር ይልቅ ከአየሩ ጋር ሲታገሉ ስለዋሉበት አንድ ቀን ነው።

ቀኑ ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2018) ነበር። ብርዱ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ይልና መልሶ ይወርዳል። ነፋሱ ከፊት ለፊት ይመታል። ከሆፕኪንተን ተነሥቶ ቦስተን ከተማ በሚያበቃው በዚያ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መንገድ ላይ ብዙ ታዋቂ ሯጮች አቋረጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም የሕክምና እርዳታ አስፈለጋቸው።

ብርድ እንዴት ይገባል?

እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሰውነት ልብንና ሌሎች የውስጥ ክፍሎችን ለማዳን ደሙን ከእጅና ከእግር ይሰበስባል። ጣቶች ስለሚደነዝዙ የያዙትን ምግብ ከፍቶ መጉረስ እንኳ ያቅታል። ሯጩ ሲደክም ይዘገያል፤ ሲዘገይ የሚያመነጨው ሙቀት ያንሳል፤ ሙቀቱ ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል።

ውድ አንባቢያን፣ ትዳርም የሚቀዘቅዘው እንዲሁ አይደለምን? አንዱ ይከፋውና ዝም ይላል። ዝምታው ሌላውን ያስከፋል። እርሱም በተራው ዝም ይላል። ማንም ሳይጣላ ቤቱ ይበርዳል።

ልታቋርጥ ያሰበችው አሸነፈች

በዚያ ዕለት ከተሰለፉት መካከል አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ቦስተን በ2 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ሁለተኛ የወጣች ሴት ናት። ድሉን ምን ያህል ትመኘው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በዚህ ቀን ግን ገና ከጅምሩ ሰውነቷ እምቢ ስላላት ለማቋረጥ አሰበች። አጠገቧ ለምትሮጠው ለአገሯ ልጅ ለሻሌን ፍላናጋንም ይህንኑ ነገረቻት፤ ከነፋስ የሚከልላት ሰው ካስፈለጋት እንድትጠይቃትም አክላ ነገረቻት።

ጥቂት ቆይቶ ሻሌን ለመጸዳዳት ከመንገድ ወጣች። ዴዚሬ ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀቻት፤ ከዚያም ወደ መሪዎቹ እንድትመለስ አብራት ሮጠች። ወደ ኋላ ለቀረች ሌላ የአገሯ ሯጭም እንዲሁ አደረገች። ሰውን ስትረዳ ቆይታ ቀና ስትል ራሷን ከፊተኞቹ መካከል አገኘችው! ማቋረጡን ተወችው፤ በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድም አንደኛ ሆና ገባች። ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። በመልካም አየር ቢሆን ይህ ሰዓት አያሸንፍም፤ በዚያ ቀን ግን ሜዳልያው የፈጣን ሳይሆን የጸናች ሰው ነበር። ሁለተኛ የወጣችውም ብዙ ሰው ስሟን የማያውቀው፣ ሥራዋን እየሠራች የምትለማመድ ነርስ ነበረች።

መጠበቅ አያስቀርም

ይህን ታሪክ ሳስብ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ ክረምት ባለቤቴ ከለቅሶ ወደ ለቅሶ፣ ከሽምግልና ወደ ሽምግልና ሲመላለስ ከረመ። ማታ ሲገባ ቃል የሚወጣው አልነበረም። እኔም ልጆቹን፣ ጓዳውንና የእኅቶችን ኅብረት ይዤ እሮጥ ነበር። አንድ ምሽት “ዛሬ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ?” ቢለኝ “እኔም እኮ ደክሞኛል” ብዬ ጥዬው ገባሁ። እውነቴን ነበር፤ ደክሞኛል። ነገር ግን ሁለታችንም በአንድ ዝናብ እየተመታን ተለያይተን እንሮጥ ነበር። ሌላ ቀን ሻይ አፍልቼ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ስቀመጥ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እርሱን የጠበቅሁበት ሰዓት ለእኔም ዕረፍት መሆኑን ነው። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 ከአንድ ሁለት እንደሚሻል ሲያስተምር የሚናገረው ስለ መውደቅ፣ ስለ ብርድም ጭምር ነው። እስቲ ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡት።

ስላቋረጡትስ ምን እንበል?

የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ በዚያ ቀን ቀድማ ወጥታ ስትመራ ነበር፤ በኋላ ግን ሩጫውን ለመጨረስ አልቻለችም። ይህን ድክመት የሚል ካለ ያን ብርድ አያውቀውም። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚደናገርበት ሯጭ ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን መግባት አለበት፤ ሕይወት ከሜዳልያ ይበልጣልና።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። “ታገሺ” የሚለውን ቃል በየቤቱ አለቦታው ስንጠቀምበት አይቻለሁ። ዱላ ያለበት ቤት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ አደጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እኅት ወይም የደረሰበት ወንድም ከአደጋው ዘወር ብሎ እርዳታ ቢፈልግ ከእምነት ጎደለ አይባልም። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ድንኳኑ ልንሆንላቸው ይገባል።

አብዛኞቻችን ግን ያለነው በሌላው ዓይነት ዝናብ ውስጥ ነው። ሥራ ይጠፋል፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ወላጅ ይታመማል፣ ልጅ ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ የበጋውን ፍጥነት ከራሳችንም ከትዳር ጓደኛችንም አንጠብቅ። ትልቁን ውሳኔም ዝናቡ መሐል ቆመን አንወስን። ዴዚሬ ሙሉውን መንገድ ለመጨረስ አልማለችም፤ አንዲት ሴት እስክትመለስ ድረስ ብቻ ልቆይ አለች፤ እርሱም እስከ መጨረሻው አደረሳት።

እንግዲህ ባሎችና ሚስቶች፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዘወር ብላችሁ ተያዩ። ከሁለታችሁ ወደ ኋላ የቀረው ማን ነው? የቀረውን ጠብቁት። ነፋሱም ሲበረታ ተራ በተራ ተከላለሉ።

ጌታ ቤታችሁን ያሙቅ!