የባህል መድኃኒት ልክና መስፈሪያ ይበጅለት

የአሶሳ ገጠር ነዋሪ ከሥር፣ ከቅጠልና ከልጥ መድኃኒት የማዘጋጀት የቆየ ዕውቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአሶሳ ዞን የበርታ ብሔረሰብ ለፈውስ የሚጠቀምባቸውን 40 ዕፅዋት ከነአዘገጃጀታቸው መዝግቧል።

ይሁን እንጂ ስማቸውን መመዝገብ ብቻውን አይበቃም። “አንድ እፍኝ” የሚባለው መጠን እንደ ሰው እጅ ይለያያል። የተክሉም ኃይል እንደ አፈሩ፣ እንደ ተለቀመበት ወራትና እንደ አደራረቁ ከፍና ዝቅ ይላል።

ለዚህ በደጋው አገር የሚታወቀው ኮሶ በቂ ማስረጃ ነው። ሕዝቡ አበባውን ፈጭቶ በውሃ እየበጠበጠ ለኮሶ ትል ሲጠጣው ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቶች እየተመዘነ ይሰጥ ነበር። መጠኑ ከበዛ ግን የዓይን ብርሃን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ያስከትላል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከማሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የመድኃኒት ዕፅዋት አመራረትና አሰባሰብ መመሪያ፣ ተክሉ በትክክል እንዲለይ፣ በወቅቱ እንዲለቀም፣ በንጹሕ ሥፍራ እንዲደርቅና የተሠራው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ ያሳስባል።

ሥሩ የሚፈለግ ተክል ሲነቀል ስለሚጠፋ በጓሮ ሊተከል ይገባል። የደረቀው ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ይቀመጥ፤ የተለቀመበት ቀን ይጻፍበት፤ በእፍኝ ፈንታ በሚዛን ይለካ። ሕመምተኛውም ምን ያህል እንደ ወሰደ ለጤና ባለሙያ ይንገር። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ደግሞ ልኩ ያልታወቀ መድኃኒት ፈጽሞ መሰጠት የለበትም።

የአባቶች ዕውቀት ለተተኪው ትውልድ የሚተርፈው ከነልኩ ሲመዘገብ ነው።