የሞት ምልኪ

የሞት ምልኪ ሰው ሳይሞት ሞቱን ያሳውቃል ተብሎ የሚታመን ድምፅ፣ ሕልም ወይም መንፈስ ነው።

በጋሸና፣ በላሊበላና በአካባቢው ደጋ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ ሌሊት የሚያላዝን ውሻና በቤት አጠገብ የምትጮኽ ጉጉት በክፉ ይታያሉ። ጥርስ ሲወልቅ ማለምም የዘመድ ሞት ነው ይባላል። ክፉን አስቀድሞ መናገር ራሱ ሟርት ስለሚባል ተናጋሪው «አታሟርት» ተብሎ ይገሠጻል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሟርትን ትከለክላለች (ዘዳግም 18፥10)።

በአየርላንድ ሞትን የምታስታውቀው ባንሺ የምትባል ሴት መንፈስ ናት። ስሟ «የጉብታ ሴት» ማለት ነው፤ ጉብታው የመናፍስት መኖሪያ ነው። አትገድልም፣ ታለቅሳለች፤ ያውም በተለይ ስማቸው በ«ኦ» ወይም በ«ማክ» ለሚጀምር ነባር ቤተሰቦች። በስኮትላንድ ደግሞ የሟቹን ልብስ ወንዝ ዳር ስታጥብ ትታያለች የምትባል ሴት አለች።

ባንሺ ከአማራ አልቃሽ ጋር ትመሳሰላለች፤ አየርላንድም በለቅሶ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሯት። ልዩነቱ ጊዜው ነው። አልቃሽ የምታለቅሰው ከሞት በኋላ ነው። ለቤተሰብም መርዶው ብዙ ጊዜ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ በማለዳ በር ሲንኳኳ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

የባንሺ ጩኸት የጉጉት ድምፅ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ውሻም የሚያላዝነው ሰው ያልሰማውን የሩቅ ውሻ ወይም ጅብ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ጉጉት አይጥ አዳኝ በመሆኗ ለገበሬው እህል ባለውለታ ናት፤ በምልኪው የተነሣ ግን በድንጋይ ትባረራለች።