በላዮል የሚሠራው ሰንጢ

ሰንጢን ሁላችንም እናውቃለን። ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ ይገባል። ዛሬ የምንነግራችሁ በፈረንሳይ አገር፣ ላዮል በምትባል የከብት አርቢዎች መንደር ስለሚሠራው ሰንጢ ነው።

ሥራው የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1829 ገደማ ነው። እጀታው ከከብት ቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠራል። ስለቱን አጥብቆ የሚይዘው ሞላ ነው። በሞላው ጫፍ ላይ የንብ ቅርጽ አለ። ጀርባው በሞረድ እየተፋቀ ያጌጣል። ጥሩ የሚባለውን ሰንጢ ከመገጣጠም እስከ መሳል አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል። ስለዚህ በእጅ ያጌጡ ሁለት ሰንጢዎች ፍጹም አይመሳሰሉም።

ሰንጢው ግን ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ቆይቶ ወስፌ ተጨመረበት። ለምን? ከብት እርጥብ ሣር በልቶ ሆዱ ሲነፋ፣ እረኛው በወስፌው በስቶ አየሩን ያስወጣ ነበር። ዛሬ ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሥራው ቲየር ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደ። በላዮል ወናፉ ዝም አለ። በ1980ዎቹ ግን የመንደሩ ሰዎች ሙያውን መልሰው አቋቋሙት። ዛሬ ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው በዚሁ ሥራ ነው።

የእኛስ ባለ እጆች? ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን የሚሠሩልን ቀጥቃጮች ናቸው። ታዲያ በማረሻቸው እያረስን «ቡዳ» ብለን እንሰድባቸዋለን! የተናቀ ሙያ ልጅ አይወርሰውም። ወራሽ ያጣ ሙያ ደግሞ ይጠፋል። ባለ እጁን እናክብር፤ ልጁም መዶሻውን በኩራት ያንሣ።