ያውቁ ኖሯል? ቀዩ የት ላይ ነው?

ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው አገር «ቀይ ወፍ አየሁ» ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። የወፉን ማንነት የሚለየው ቀዩ ያረፈበት ቦታ ነው።

• ጓሮ ውስጥ። ደጃፍ ላይ ፍሬ የምትለቅመው ትንሿ ወፍ፣ ወንዱ መላ አካሉ ወደ ቀይ ያደላ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነቁጥ ጣል ጣል ያለበት ነው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ቀይ ላባዋ ከምንቃሯ ሥርና ከጭራዋ በላይ ብቻ ነው።

• ጎጆዋ ግን አይታመንም። ሌላ ወፍ እንቁላሏን እዚያው ጥላ ትሄዳለች። የእንግዳዋ ጫጩት የአፍ ውስጥ ነቁጥ ከባለቤቷ ልጆች ጋር ስለሚመሳሰል እናት ሳትለይ ትመግባለች። ጥቁር ሆኖ የሚያድገው የእንግዳዋ ወንድ ልጅም የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዘምራል።

• ማሳ ዳር። አናቱና ሆዱ ጥቁር፣ ሌላው በአብዛኛው እሳት የመሰለው ወፍ በረዥም ሣርና በረግረግ ዳር ይገኛል። ቀዩ የመራቢያው ወቅት ልብስ ነው፤ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ያው ወፍ መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

• ግሪሳ በቀይ ምንቃሩ ይታወቃል። የሴቷ ምንቃር ግን በመራቢያ ወቅት ቢጫ ይሆናል።

• ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን አረንጓዴ ነው፤ ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር አይገኝም።

• የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁርም የእነዚሁ አገሮች ብቻ ነው። ማጅራቱ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ከጭራ በላይ ያለው ቀይ የሁለቱም ነው።

• የሾላ ፍሬ ሲበስል ቀና ይበሉ። ደረቱና ሆዱ ቀይ፣ ምንቃሩ ወፍራምና ጥርስ ያወጣ የሚመስል ወፍ ፍሬ ሲለቅም ሊያገኙት ይችላሉ።

• ኮርች ሲያብብ ደግሞ አበባ ቀሳሚዎቹ ይመጣሉ። ጥቁሩና ደረቱ ደማቅ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት።

• ተቀምጦ አረንጓዴ፣ ሲበር ቀይ። ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ በዘጌና በቤተ ክርስቲያን ደኖች ይኖራል። የክንፉ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፤ አልካላይን በሆነ ውኃም ይሟሟል። ቀለሙን በ1869 እ.ኤ.አ. የመረመረው እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች ነበር።

• እርኩም ጉሮሮው ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ የሴቷ ሰማያዊ ነው። ሁለቱም ባዶ ቆዳ እንጂ ላባ አይደለም።

• በስሜን ተራሮች የሚያንዣብበው ጺማም አሞራ ደረቱ የዛገ ብረት ይመስላል። ይህ ቀለም ከላባው ጋር አልተፈጠረም፤ የብረት ማዕድን ባለበት ቀይ ጭቃና ውኃ ታጥቦ ራሱን የቀባው ነው።